ጽሑፍን አፍ አውጥቶ ማንበብ፦ የጎንደር ጉዞ ማስታወሻ

እኛ አዳማዎች ስብሰባ አይብርቅብንም። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚወርደው ተሰብሳቢ ዓመቱን ሙሉ ሆቴሎቻችንን ሞልቶ፣ ቦርሳና ደብተር ተቀብሎ፣ አበሉን ወስዶ ይመለሳል። ስለዚህ የመንፈሳዊ ጸሐፍት ጉባኤ ጎንደር ላይ ሊደረግ ነው ተብዬ ስጠራ ልቤን ያነሣሣው ጉባኤው ሳይሆን ጎንደር ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ታሪክ እጽፋለሁ። የምጽፍበት አማርኛ የተሞረደበትን አገር ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ጊዜውም ጥሩ ነበር። ጥቅምት እያለቀ ነው፤ ወርኃ ጽጌ። መስከረም 26 የገባው የጽጌ ጾም ኅዳር 5 ያበቃል፣ በማግስቱ ቁስቋም ናት፤ እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት ደግሞ እዚያው ጎንደር ላይ ነው። በዚህ ወር እዚያ መገኘትን እንደ በረከት ቆጠርኩት።

የመኪናው መንገድ ስላላስተማመነኝ በአውሮፕላን ሄድኩ። ስለ በረራው የምለው የለኝም፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዘዞ ወርጄ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ ግን አንድ ባለታክሲ ሻንጣዬን ሳልፈቅድለት አነሣና «ፒያሳ ሁለት ሺህ ብር» አለኝ። አነጋገሬን ሰምቶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያንገበግበኛል። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ እግሩ መሬት ሳይነካ ሲዘረፍ የአገር ስም አብሮ ይሸጣል። አዳማ ባጃጅ አሥር ብር ሲጨምርብኝ ወርጄ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ከተማው ሩቅ ነው፣ በእግር አይሞከርም። ሻንጣዬን ተቀብዬ ቆምኩ።

«አንች ልጅ፣ ወዴት ነሽ?» አሉኝ ነጠላ ያጣፉ እናት። ልጃቸውን ሸኝተው ከወንድማቸው ልጅ ጋር በፒካፕ ሊመለሱ ነው። ዋጋውን ስነግራቸው «በሥላሴ! በዚህ ገንዘብ ባሕር ዳር ደርሰሽ ትመለሻለሽ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። መንገድ ላይ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ለልጆች ታሪክ እንደምጽፍ ነገርኳቸው።

«ለልጅ ይነገራል እንጂ ይጻፋል?» አሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

መልስ አላገኘሁላቸውም። ፒያሳ ስንደርስ ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ይዘው «አስቀምጭው፤ ስትጸልይ አስቢኝ» አሉና የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። ያንን ስም እስካሁን ይዤዋለሁ።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። ሆቴሉን የመረጥኩት ለጉባኤው አዳራሽ ስለሚቀርብ ነው፤ አልጋው 1,200 ብር። ከሥሩ መጠጥ ቤት እንዳለ ማንም አልነገረኝም። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የአልጋዬን ብረት ሲያንቀጠቅጥ አደረ። ልታጠብ ብነሣ ቧንቧው ደርቋል። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ግን ሁለት ጀሪካን ውሃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሞ አመጣልኝ፣ በዚያ ላይ «ይቅርታ እትዬ» ይለኛል፤ በእሱ መቆጣት አልቻልኩም። በማግስቱ ከደብረ ታቦር የመጣች መምህርት ያረፈችበት ቤት አብረን እንድናድር ጋበዘችኝና ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ንግግሮች ስለ ወረቀት ዋጋ፣ ስለ ማተሚያ ቤት ወረፋ፣ መጻሕፍት ገና ሳይሸጡ በፒዲኤፍ ተቀድተው ቴሌግራም ላይ ስለሚለቀቁበት ጣጣ ነበሩ። እውነት ነው፣ ያስጨንቃል፤ ግን ይህን አዳማ ሆኜም እሰማዋለሁ።

ነገሩ የሞቀው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ዲያቆን ተነሥቶ «ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ ለክርስቲያን ልብ ወለድ አይገባውም» አለ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ መሪጌታ፣ የትርጓሜ መምህር ናቸው፣ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቀው እንዲህ አሉ፦ «ጌታ በወንጌል ‹አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ› ብሎ ጀመረ። የሰውየውን ስም አልነገረንም። ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ብሎ የጠየቀውም የለም። ሕግ ዐዋቂው የተጠየቀው ‹ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ነው› ተብሎ ነው፤ መለሰም።» የትርጓሜ መጻሕፍቱ ራሳቸው ንባቡን ካፈቱ በኋላ ለማስረዳት ታሪክ እንደሚያመጡም አከሉ።

እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ዲያቆኑ ግን አንድ እውነተኛ ነገር ነክቷል። የሚያስፈራኝ ልብ ወለድ ብሎ የቀረበ ልብ ወለድ አይደለም። ሽፋኑ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ታትሞ፣ ውስጡ ያልተደረገ ተአምር፣ ያልተነገረ ኑዛዜ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያሉትን በየደብሩ በር ላይ አይቻቸዋለሁ። አንባቢው አምኖ ያለቅሳል፤ ነገ ሐሰት መሆኑን ሲያውቅ የእውነተኛውን ገድል ጭምር ይጠራጠራል። ይህን ተነሥቼ ተናገርኩ። ዲያቆኑም በሻይ ዕረፍት መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

በምሳ ሰዓት ወደ ፋሲል ግቢ ሄድን። ስለ ግንቦቹ ብዙ ተጽፏል፤ አፄ ፋሲለደስ ከተማውን በ1628 ዓ.ም. መሥርተው ግንቡን እንዳሠሩ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኔ ብዙ የቆምኩት በጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ነው። ዮሐንስ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. የነገሡ የፋሲል ልጅ ናቸው። ቤቱ አለ፤ መጻሕፍቱ የሉም። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ደግሞ እንግሊዞቹ ከዚያ ካገኙት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ዛሬም እዚያው ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከሱዳን መጥተው የቀረውን አቃጠሉ፤ ከእሳቱ ካመለጡት አንዷ ንብ ተነሥቶ አዳናት የምትባለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። በዚያች ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች አንጋጥጬ ሳይ አንገቴ እስኪያመኝ ቆይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ከተዘረፈና ከተቃጠለ በኋላ ጎንደር ላይ ምን ቀረ? መሪጌታን ጠየቅኳቸው። ደረታቸውን ነኩ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በአማርኛ እየሰበኩና እየጻፉ በመጡበት ዘመን አባቶቻችን በሕዝቡ ቋንቋ መመለስ ግድ ሆነባቸው፤ ኋላም በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የመጻሕፍቱ ትርጓሜ በአማርኛ ተደላድሎ ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት የአተረጓጎም ስልቶች እስከ መለየት ደረሰ። በብራና ከሰፈረው ይልቅ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ልብ የተላለፈው ይበዛል። ሳይታተም ብዙ ዘመን የኖረ፣ ሲታተምም የንግግር ለዛው ያልተለየው አማርኛ ነው። ሌባ ብራናውን ይወስዳል፤ ተማሪውን ግን ሊዘርፈው አይችልም አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን የሆነው እኚሁ መሪጌታ ያመጡት ሐሳብ ነው፤ አዘጋጆቹ ከፈቀዱ ወዲያ መርሐ ግብሩ ተቀየረ። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሲቆጥር፣ ማለት ሲደርስ፣ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ነገራ ይሉታል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለው ጉባኤ ቃናም ይሁን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ መምህሩ ሰምቶ ቤቱ ሲሰበር፣ ምሥጢሩ ሲሳሳ እዚያው ያርማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ፣ የባልንጀራን ቅኔ የራስ አድርጎ መናገር ነውር ነው። «እናንተስ ጽሑፋችሁን ለማን ትነግራላችሁ?» አሉን መሪጌታ። ከተሰብሳቢው አብዛኛው ለማንም አይነግርም። ከኮምፒዩተር ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ምረቃ። ምረቃው ላይ ደግሞ የሚነበብልን ቁራጭ ሲያልቅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ተባብለን እንለያያለን። ምርቃቱን እወደዋለሁ፤ ግን ስሕተት ያገኘ ሰው ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም። ነገረ እግዚአብሔር የተጻፈበትን ወረቀት መተቸት ድፍረት ይመስለዋል። መንፈሳዊ መጻሕፍታችን በብዛታቸው ልክ ያልበሰሉት በዚህ ይመስለኛል።

ከደባርቅ የመጣ ወጣት ቀድሞ ቆመ። ስለ አያቱ ምጽዋት የጻፈው ልብ የሚነካ ታሪክ ነው፤ እኔ እንባ ተናንቆኝ ነበር። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ወሩ ማነው አልክ?»

«ሐምሌ ነው፣ የኔታ።»

«በሐምሌ ጤፍ ይወቃል?»

ልጁ ዝም አለ። «አያትህ ያንን ለማኝ ያገኙት አውድማ ላይ ነው ብለሃል። አውድማው እውነት ከሆነ ወሩን ለውጠው። ወሩ እውነት ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው፤ ከባዶ ጎተራ መስጠታቸውን ጻፍልን። እሱ ይበልጣል።» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ልጁ እዚያው ቆሞ ወረቀቱን አገላብጦ በጀርባው መጻፍ ጀመረ። በሕይወቴ ካየሁት የአርትዖት ሥራ ሁሉ ይበልጥብኛል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ፍየሉ የጠፋችበትን የሰባት ዓመት ልጅ ታሪክ አነበብኩ። መሪጌታ እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም። ከዚያ «ልጁ ሲጸልይ የሚናገረው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «‹ቸርነትህ ከዘላለም እስከ ዘላለም የሆነ አምላክ› ይላል። ስንት ሕፃን ሲጸልይ ሰምተሻል?» እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ስሰማ የምውል ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ውሻችን አርጅቷልና አንተ ጋ ስትወስደው አጥንት ስጠው» ስትል ጆሮዬ ሰምቷል። ያንን ትቼ የቅዳሴ ቃል ልጁ አፍ ውስጥ ለምን እንዳስቀመጥኩ ሳስብ አመሸሁ።

ቅዳሜ ማታ ማኅሌተ ጽጌ ልንቆም በዓታ ሄድን፤ አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማና ዝማሜ፣ ለመማር ከየአገሩ ተማሪ የሚመጣበት ደብር ነው። አዳማ በጥቅምት ነጠላ ይበቃል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱን ብርዱ ከእግሬ ጣት ተነሥቶ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ሊቃውንቱ ግን መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉን እያሰሙ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ አንድም መጽሐፍ አልገለጡም። አጠገቤ የቆመ የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆሎ ተማሪ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንዱን ስንኝ ሲስት ኋላው ያለው ታላቁ ትከሻውን ነካ አደረገው፣ አስተካክሎም ቀጠለ። ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተቆጣም።

በመጨረሻው ቀን የአቋም መግለጫ ወጣ፤ እንደ መግለጫዎች ሁሉ ረጅም ነው። ከመግለጫው ይልቅ ከደብረ ታቦሯ መምህርት፣ ከደባርቁ ወጣት፣ ከዲያቆኑና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የገባነው ቃል ይሻለኛል። ማናችንም ብንሆን አዲስ ሥራ ሌሎቹ በድምፅ ሰምተው ሳያርሙት ወደ ማተሚያ ቤት አንልክም። መሪጌታ ከስልክ ላይ ማንበብ አይወዱም፤ በቴሌግራም በድምፅ ቀድተን እንድንልክላቸው ፈቅደውልናል።

አዳማ ከገባሁ ወዲህ የፍየሉን ታሪክ እንደገና ጻፍኩት። ልጁ አሁን የሚጸልየው «ፍየሏ ጥቁር ናት፣ በጨለማ አትታይህም ይሆናል፤ ስሟን ብትጠራት ግን ትመጣለች» ብሎ ነው። ትናንት ማታ አንብቤ ላክሁላቸው። ዛሬ ጠዋት መልሳቸው መጣ፤ ከኋላ የተማሪዎች ድምፅ ይሰማል። «አሁን ልጁ መጣ፣ ልጄ። አባትየው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገረም። ፍየል ጠፍቶበት ዝም የሚል ገበሬ እኔ አላየሁም። አናግሪውና ላኪልኝ።» ዛሬ ማታ እሱን እጽፋለሁ።