የቅንጬ አረምና የዝናብ መዝገቤ፦ ሦስተኛው ክረምት

በቆቦ ሜዳ ባለን የቤተሰብ ማሽላ ማሳ ላይ አረም መቁጠር ከጀመርሁ ይህ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። መጀመሪያ ዓላማዬ አረሞችን ገና በቡቃያነታቸው ለይቶ ማወቅ ብቻ ነበር፤ የዝናቡን ቀን ጎን ለጎን መጻፍ የጀመርሁት በሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ ያለ እርሱ የመጀመሪያው ዓመት ቆጠራዬ ብዙ እንዳልነገረኝ አሁን ይገባኛል።

ነገሩ የታየኝ በፓርቲኒየም፣ ማለትም በቅንጬ አረም ላይ ነው። ማሽላ ለመዝራት እርጥበቱ ጠለቅ ብሎ እስኪገባ እንጠብቃለን፤ ይህ አረም ግን ጥቂት ዝናብ ካገኘ ይበቅላል፣ ዝናቡ ሲቋረጥም ቅጠሎቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቆያል። በሚያዝያ ይዘራ የነበረው፣ እንደ ደጋሊት ያለው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ በልጉ ሲከዳ ይቀርና በሐምሌ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይተካል። በመካከሉ ማሳው ባዶውን ይከርማል። አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ የሚችል፣ ከበቀለም ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የሚያብብ አረም በእነዚያ ወራት ያለ ተቀናቃኝ ዘሩን አራግፎ ይጨርሳል። በዚህ ላይ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ማሽላ ብዙም ተጠቃሚ አይሆንም፤ ፓርቲኒየም ግን ይበልጥ ይፋፋል። እንግዲህ የዝናቡ መዛባትም የአየሩ መለወጥም ለአረሙ ያደላሉ ማለት ነው፤ ይህን ማሳችን ላይ ቆሜ ማሰብ በእውነት ያሳስበኛል።

ስለ አቀንጭራ፣ ማለትም በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ስለሚኖረው ጥገኛ አረም ግን ከወዲሁ አልናገርም። ዘሩ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ መቆየት ስለሚችል፣ ዘንድሮ የወጣው የዘንድሮው ዝናብ ውጤት ይሁን የቆየው የአፈር መራቆት በሦስት ክረምት ቆጠራ አይለይም።

አንድ ስሕተቴንም ላካፍል። በመጀመሪያው ዓመት ያበበውን ቅንጬ ነቅዬ ከማሳው ድንበር ላይ ከምሬው ነበር፤ በቀጣዩ በልግ በክምሩ ዙሪያ እንደ ምንጣፍ ብቅ አለ። አሁን የምነቅለው ከማበቡ በፊት፣ ማሽላው ገና ሳይዘራ ነው፤ ቆዳን ስለሚያሳክክም ጓንት አደርጋለሁ። ቆጠራውን ሁልጊዜ በእነዚያው አራት ቦታዎች፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ውስጥ፣ ዝናብ በጣለ በ10ኛው ቀን አካሂዳለሁ። በወለንጪቲም ሆነ በሐረርጌ የምትመዘግቡ ካላችሁ፣ ቀኑን በዚህ መልክ ብታስተካክሉት መዝገቦቻችንን ማነጻጸር እንችላለን።