ባሕሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የጉብኝት ቢሮአችን ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረ አሮጌ ፎቅ ላይ ሳለ የሆነ ነው። አሁን ፎቁም የለም። እኔ ወፍ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ነው የማስጎበኘው። እነዚህ እንደ ሌላው ጎብኚ አይደሉም፤ ላሊበላን በግማሽ ቀን ጨርሰው ድንቢጥ ለምታህል ወፍ ሦስት ቀን ጭቃ ሲረግጡ ይውላሉ።

ጋሼ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ «ባሕር ዳርና መናገሻ ሱባ ደን» የሚል መርሐ ግብር በአማርኛ ጻፉና እንግሊዝኛውን ለእህታቸው ልጅ ሰጡት። ልጁ ትጉህ ነው፤ ያልተረጎመው ቃል አልነበረም። ባሕር ዳርን የባሕር ጠረፍ አደረጋት። የመጨረሻውን ቅጂ ያየሁት እኔ ነኝ። ዋጋውንና ቀኑን አመሳክሬ ፈረምኩ። ጋሼ ይህችን ፊርማ እስከ ዛሬ አልረሷትም።

ኅዳር ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ብቻቸውን መጡ። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ደብተራቸውን ከፈቱ።

«ባሕሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው» አልኳቸው።

«ውኃው የሚሸሸውስ መቼ ነው?»

የጠረፍ ወፍ የሚታየው ባሕሩ ሲሸሽና ጭቃው ሲገለጥ ነው፤ ይህ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። እኔ ግን ልቤ ጣና ላይ ነበርና «ከጥቅምት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ እስከ ግንቦት ይቆያል» አልኩ፤ በራሴ እውቀትም ትንሽ ኮራሁ። ሴትዮዋ መጻፍ ጀምረው ነበር። እስክሪብቶአቸውን አነሡ። መነጽራቸውንም አወለቁ። ከዚያ የወፍ መጽሐፋቸውን ገልጠው ዓይኗን ነጭ ቀለም የከበባትን፣ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ርቃ የማትገኘውን ወፍ በጣታቸው አሳዩኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ጠረፍ የሌላት አገር ጠረፍ ሸጣላቸዋለች።

ወደ ጋሼ ክፍል ገባሁ።

«ባሕር ዳር ማለት የባሕር ዳር ማለት አይደለም?» አሉ።

«ነው፤ ባሕሩ ግን ሐይቅ ነው።»

«ታዲያ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ?»

ለዚህች መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁላትም። ተርጓሚው ይጠራ ተባለ። ለእንግዳዋ ማኪያቶ እንዲያመጣ ከደቂቃዎች በፊት ታች ተልኮ ነበር፤ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ።

ይቅርታውን በአፌ እያላመጥኩ ስመለስ ሴትዮዋ ወንበራቸው ላይ የሉም። በረንዳ ላይ ቆመው አጉሊ መነጽራቸውን ወደ ጣሪያው አሽንዳ ደግነዋል። ጽዳት ሠራተኛችን በመጥረጊያ የምታባርራት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ ያላት እርግብ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ በዓለም ላይ አትገኝም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ በስብሰባም ተናግሬአለሁ፤ ለእንግዳ ግን ከቢሮአችን አሽንዳ ላይ አሳይቼ አላውቅም ነበር። ወዲያው ያ መንቆረ ወፍራም ቁራ በጊዮርጊስ በኩል አለፈ፤ እሱም የእነዚሁ ሁለት አገሮች ብቻ ነው። ሴትዮዋ ደብተራቸው ላይ ሁለት ምልክት አደረጉ። ማኪያቶው ባይመጣም ቅር አላላቸውም።

ጉዞው በሰላም አለቀ። ጣና ላይ ዓሣ አዳኙን ንስርና ይብራውን አዩ፤ መናገሻ ጽዱ ሥር ተቀምጠው ከጉሬዛው በላይ ያልታየችውን ወፍ ድምፅ ሲያዳምጡ ዋሉ። ጋሼ ስለ ጠረፉ ከዋጋው ላይ ቅናሽ ያደርጋሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ከበረንዳችን የሚታዩ ብርቅዬ ወፎች» የሚል መስመር በመርሐ ግብሩ ላይ ጨመሩ፤ በረንዳው ከፈረሰ በኋላም መስመሩ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ገጽ እያነበብኩ ነው የምፈርመው። በቅርቡ የወፍ ዋሻ ጉዞ መጣልኝ። መናገሻን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ችግኙን ያስመጡት ከዚህ ደን ነው ይባላል። ትርጉሙ «የወፎች ዋሻ» ይላል። በቀይ አስምሬ ለጋሼ ወሰድኩላቸው።

«ተወው» አሉ፤ «ዋሻም የሚወድ ሰው አለ።»

ፈረምኩ። የመጀመሪያው እንግዳ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ይዞ ነው የመጣው።