ጠያቂውን ትተን መላሹን ይዘን ሄድን

ሐዋሳ ያለን ፕሮግራመሮች የምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ በ2011 ሲከፈት አሥራ ሁለት ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ካፌ ላፕቶፕ ይዘን እንቀመጣለን፤ መብራት ከጠፋ ወደ ሐይቁ ወርደን አሞራ ገደል ዓሣ እንበላለን፤ ያላለቀው ክርክር ማታ ግሩፑ ላይ ይቀጥላል። አባላቱ ከሺህ ሲያልፉ ግን መልሱን ወሬው ይውጠው ጀመር። ለጥያቄና መልሱ ሌላ ቦታ ለመክፈት ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ የማወራችሁ ስለዚያ ነው።

ጳጉሜን ልንገራችሁ። በየዓመቱ ወሯ ስትገባ አንድ ሰው ብቅ ይላል፦ «ፕሮግራሜ 13ኛ ወር አላውቅም አለኝ፣ ምን ላድርግ?» መልሱ አጭር አይደለም። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍ ከሆነ ግን 6 ትሆናለች። ለዚህ ነው የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው፤ 2015 ባለ ስድስት ጳጉሜ ነበር። የድረ ገጽ ቋንቋው ጃቫስክሪፕት አንድን ቀን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ያውቅበታል፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ወደ ፈረንጆቹ መመለስን ግን ያን ጊዜ ራስህ ነበርክ የምትጽፈው። ይህን ሁሉ፣ ከነኮዱ፣ በዕድሜም በሙያም የሚበልጠንና ጋሼ የምንለው ሰው ሦስት ዓመት ተከታትሎ ጻፈ። ሦስቱንም ጊዜ በማግስቱ በእንኳን አደረሳችሁና በሥራ ማስታወቂያ ተቀበረ። በአራተኛው ዓመት ጥያቄው ሲመጣ ጋሼ አንብቦ ዝም አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ ዝምታ ነው።

ቴሌግራም ራሱ ግሩፕን በቶፒክ መከፋፈል ይችላል፣ ለምን አልተጠቀምክም የሚለኝ ይኖራል። ሞክረነዋል። ስምንት ቶፒክ ከፍተን ሁሉም ሰው «ጄኔራል» ውስጥ ታጨቀ።

የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራምን ጨምሮ አንዳንድ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች በአገሪቱ ተገደቡ። ግሩፑ ውስጥ የቀረው በቪፒኤን የሚገባው ብቻ ሆነ። እኔም «ጊዜው አሁን ነው» ብዬ ሚያዝያ ላይ ዙሊፕን ጫንኩ። ዙሊፕ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የመወያያ ሶፍትዌር ነው፤ የረስት ቋንቋ ሠሪዎች የሚነጋገሩት በእሱ ነው። ዋናው ነገሩ እያንዳንዱ መልእክት ቻናል ብቻ ሳይሆን ርዕስም ያለው መሆኑ ነው። የዛሬ ሳምንት ለተጠየቀ ጥያቄ ዛሬ ብትመልስ፣ መልስህ ከጥያቄው ሥር ይቀመጣል እንጂ ከሌላው ወሬ ጋር አይደባለቅም። የተፈታ ጥያቄ ላይ ደግሞ የተፈታ ምልክት ይደረግበታል።

መጫኑ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር፦ 2 ጊጋ ራም ያለው ሰርቨር፣ ኡቡንቱ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከዚያ የመጫኛው ስክሪፕት ራሱ ይጨርሰዋል። ለመመዝገቢያ የሚላከው ኢሜይል ግን ሁለት ቀን በላኝ። ሰርቨሩን የተከራየሁበት ድርጅት ኢሜይል የሚወጣበትን በር፣ ፖርት 25ን፣ ዘግቶታል፤ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። በሌላ የኢሜይል ማስተላለፊያ አዞርኩት። ደብዳቤው መድረስ ሲጀምር ሌላ ጉድ ተገለጠ፦ ከልጆቹ ብዙዎቹ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል አያውቁትም። ኢሜይሉን የከፈተላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው።

ያ ሙከራ ወደቀ። ሐምሌ ላይ ገደቡ ሲነሣ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ቴሌግራም ተመለሰ፤ ዙሊፑ ውስጥ እኔና «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ቦት ብቻ ቀረን። ለወራት ጥፋቱን ሰው ላይ አድርጌ «ሐበሻ ለውጥ አይወድም» ስል ከረምኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ገና ሰው ሳይገባ 21 ቻናል ከፍቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ የፕሮግራም መሥሪያ፣ ለፍላተር አንድ፣ ለላራቬል አንድ፣ ለጃንጎ አንድ፣ ሁሉም ባዶ ቤት። ከዚያም የባሰ አለ። በራስህ ሰርቨር ላይ የጫንከው ዙሊፕ ስልክ ላይ ማሳወቂያ እንዲልክ ከዙሊፕ የማሳወቂያ አገልግሎት ጋር መመዝገብ አለበት። አላስመዘገብኩትም። ሰው ጠይቆ መልስ ሲሰጠው ስልኩ ድምፅ አያሰማም ነበር። ማን ይመለሳል?

ኅዳር 2016 ላይ እንደገና ስጀምር ሰርቨሩን አልነካሁትም። መጀመሪያ የግሩፑን ታሪክ ከኮምፒውተሩ ቴሌግራም፣ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችለው የጄሶን ፋይል አወጣሁና ማን ለማን እንደሚመልስ የሚቆጥር አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። (ለሚሞክር ሰው፦ የመልእክቱ ጽሑፍ አንዳንዴ ተራ ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝርዝር ሆኖ ይመጣል። ውስጡ ሊንክ ወይም ደማቅ ፊደል ካለ ዝርዝር ነው። የእኔ ስክሪፕት የመጀመሪያው ሊንክ ላይ ሲደርስ ሞተ።) ቁጥሩ ሲወጣ ነገሩ ፊት ለፊት ተቀመጠልኝ፦ ከሺህ በላይ ሰው ባለበት ግሩፕ፣ የሚረባውን መልስ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚሰጡት ዘጠኝ ናቸው። እኔ ግን ኑ እያልኩ ስለምን የነበረው ሺሁን ነው።

ዘጠኙን አንድ በአንድ ቡና እየጋበዝኩ አነጋገርኩ። መጨረሻ ላይ ጋሼ ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የጳጉሜዋን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉልን። ሁለተኛ አይጠየቁም።»

«አንተ ልጅ፣ ይኸው ነው ያልከኝ ባለፈውም።»

«ባለፈው ቦታው አልነበረም።»

«አሁንስ ማን ያየዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ግን እሺ አለኝ፤ በአንድ ሁኔታ፦ ማንንም «ወደ አዲሱ ቦታ ሂድ» እያልን እንዳናባርር። ደንባችን ከዚያ ወጣ። ጥያቄ ቴሌግራም ላይ ሲመጣ ከዘጠኙ አንዱ ዙሊፕ ላይ ርዕስ ይከፍትለታል፣ እዚያ ይመልሳል፣ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ «ይኸው መልስህ» ብሎ ያስቀምጣል። ግብዣ የለም፣ ቁጣ የለም። ሳይመዘገቡ ማንበብ እንዲቻል ቻናሎቹን ክፍት አደረግናቸው፤ የኢሜይሉም ጣጣ ግማሹ በዚያው ተፈታ። ሦስተኛው ወር ላይ ጀማሪዎች ራሳቸው ዙሊፕ ላይ ይጠይቁ ጀመር። ሁለተኛው ሙከራ የተከፈተው በአራት ቻናል ነው፤ ዛሬም ስድስት አልደረሰም።

የድሮውን ሁሉ ወደ አዲሱ ቦታ ማፍሰስ ፈልጌ ነበር፤ ከሃምሳ ሺህ በላይ መልእክት ነው። ስክሪፕቱም ዝግጁ ነበር። መለስ ብዬ ሳነበው ግን አብዛኛው «አመሰግናለሁ ብሮ» እና ደብዛዛ ስክሪንሾት ነው። ትቼው 43 ጥያቄ በእጄ መረጥኩ፣ ከነመልሳቸው አስገባሁ። አንዱ የ«ኮርስ ኤረር» ነው፤ ብራውዘሩ ከሌላ ሰርቨር የመጣውን መልስ ሲከለክል የሚመጣው። አንድ ፍሬሽ ተማሪ የጠፋ ኮርስ መስሎት ሬጅስትራር ሄዶ እንደነበር ስለምናውቅ ርዕሱን ለሁለቱም እንዲገባ አድርገን ጻፍነው።

እዚህ ላይ ያጠፋሁት አለ። ከ43ቱ አንዱን የጠየቀችው ልጅ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ያንን የጠየቅኩት ገና ፍሬሽ እያለሁ ነው። አሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው። ስሜን ጉግል ላይ ከዚያ ጥያቄ ጋር ሊያገኙት ነው?»

ልክ ነበረች። የተዘጋ ግሩፕ ውስጥ የተባለን ነገር ማንም ወደሚያነበው ቦታ ሳወጣ አንድም ሰው አላስፈቀድኩም። በዚያው ምሽት የጠያቂዎቹን ስም ሁሉ አነሣሁ፤ መላሾቹን ደግሞ እየደወልኩ ጠየቅኩ። ሁለቱ አይሆንም አሉ፤ መልሳቸውን አውጥተን በራሳችን ቃል እንደገና ጻፍነው።

የሰዓቱንም ነገር ላንሣ። ዙሊፕ ላይ የጻፍከውን ሰዓት ለእያንዳንዱ አንባቢ በአገሩ ሰዓት የሚያሳይ ምልክት አለ። የቅዳሜውን ስብሰባ በልማዴ «3:00» ብዬ አስገባሁት። ናይሮቢ ያለ አባላችን «እናንተ ሰዎች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ጻፈ። አሁን ሁለቱንም እንጽፋለን፦ 9:00፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት።

ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። ሰርቨሩ በወር 12 ዶላር ነው፤ ካርድ ያለው ውጭ የሚኖር ወንድሜ ይከፍላል፣ እኛ ብሩን ለእናታችን እንሰጣለን። ስንጀምር ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ከ700 ብር አያልፍም ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ወጪያችን ወደ እጥፍ ሄደ። ዘጠኙ እንደ ዕቁብ በየወሩ ያዋጣሉ፤ አሁን አሥራ አራት ደርሰዋል።

ቴሌግራሙን አልዘጋነውም። መዝጋት ነበረብኝ ብዬ የማስበው ጊዜ ነበር፤ ግን ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የአንዱ አባት ሲያርፉ ለቅሶው የተጠራው፣ መኪናው የተያዘው፣ መዋጮው የተሰበሰበው እዚያ ነው። ያንን በርዕስና በቻናል የምትከፋፍለው አይደለም።

እስካሁን ያልተፈታው ፍለጋው ነው። የዙሊፕ መደበኛ ፍለጋ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስለሆነ «ዳታቤዝ» ብለህ ስትፈልግ «የዳታቤዝ» ያለውን አያመጣልህም። ፒጂሩንጋ የሚባለውን፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎችም የሚፈልግ ተጨማሪ ከጫንን በኋላ ከፊት የሚለጠፉት «የ»ም «በ»ም አያስቸግሩም። «ዳታቤዙን» ግን አሁንም አይገኝም፤ «ዝ» ወደ «ዙ» ሲለወጥ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ያቺ የደወለችልኝ ልጅ ናት አሁን ይህን የያዘችው፤ ቃሉን ወደ ተነባቢው አውርዶ የሚያነጻጽር ነገር እየጻፈች ነው። ትናንት ማታ «ሰላም» ስትፈልግ «ሲሉም» መጣብኝ ብላ እየሳቀች ነበር።