ሄርሜስ በሰው አካውንት ሲሠራ

ማታ ማታ አብሮኝ ጥበቃ ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋር ኮሚክ መሥራት ከጀመርን ሰነባበትን። እሱ ይሥላል፣ እኔ እጽፋለሁ። የጥንት አማልክት በዚህ ዘመን በአንድ ትልቅ ከተማ ተራ ሰው ሆነው ይኖራሉ፤ አንዲት መርማሪ ደግሞ በእነሱ ዙሪያ የሚፈጠረውን ጉድ ስትፈታ ታድራለች። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ኮሚክ ሞልቷል። ግን አብዛኛውን የሚጽፈው ተሰዶ የማያውቅ ሰው ነው መሰለኝ፣ አማልክቱ ኃይላችን ሄደ እያሉ ሲያለቅሱ ነው የሚውሉት። አቅም ማጣትማ ይለመዳል። የማይለመደው ቀድሞ ምን እንደነበርክ የሚጠይቅህ ሰው ማጣት ነው።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን አለቃዬ እስካሁን አያውቅም፤ ጓደኛዬ ግን አንድ ሌሊት ዝም ብሎ ጠየቀኝ፣ ኮሚኩም የተወለደው ከዚያ ወሬ ነው። ስለዚህ መርማሪያችን ሽጉጥም አስማትም የላትም። ያላት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እርስዎ ቀድሞ ምን ነበሩ?»

የመጀመሪያው ታሪክ የሄርሜስ ነው፣ የግሪኮቹ የአማልክት መልእክተኛ። ሄርሜስን የምግብ አድራሽ ማድረግ ለማንም የሚመጣ ቀልድ ስለሆነ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። በኋላ ግን እዚህ ወረቀት (የሥራ ፈቃድ) የሌለው ልጅ እንዴት እንደሚሠራ ትዝ አለኝ፤ ወረቀት ካለው ሰው የምግብ ማድረሻ መተግበሪያ አካውንት ይከራያል፣ በሰው ስምና በሰው ፎቶ ይነዳል፣ ከሚያገኘው ላይ ለባለቤቱ በየሳምንቱ ይከፍላል። የመንገደኛም፣ የነጋዴም፣ የሌባም ጠባቂ ለነበረ አምላክ ከዚህ የሚስማማ ሥራ የት ይገኛል? አንድ ቀን መተግበሪያው የፊት ፎቶ ይጠይቀዋል። ፊቱ አይመሳሰልም፤ አካውንቱ ይዘጋል።

ችግሩ ሄርሜስ በግሪኮች ዘንድ የሟቾችን ነፍስ ወደ ሐዲስ፣ ወደ ሙታን ዓለም፣ የሚያደርስም እሱ መሆኑ ነው። እሱ ሲታገድ መንገዱን የሚያሳያቸው ጠፍቶ ሙታን በአንድ አፓርታማ ደረጃ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ጎረቤት የሚያማርረው ስለ ብርዱ ብቻ ነው። መርማሪዋ ትመጣለች፤ ሰነዱ ላይ ያለው ስም የአካውንቱ ባለቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። በእውነት የነዳውን ሰው ስም የጻፈ የለም።

ምስክሩ ያኑስ ነው፣ የሮማውያኑ የበር አምላክ፣ ባለ ሁለት ፊቱ። የሕንፃው የሌሊት ዘበኛ አደረግነው። (እዚህ ላይ ለራሴ ትንሽ አድልቻለሁ።) በሮም የእሱ በር በጦርነት ጊዜ ይከፈታል፣ በሰላም ጊዜ ይዘጋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ በራሱ ዘመን 3 ጊዜ እንዲዘጋ መወሰኑን በኩራት አጽፏል። አሁን ያው ያኑስ ካርድ ለረሳ ተከራይ በር ይከፍታል። ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሲሰጥ አንደኛው ፊት «ገባ» ይላል፣ ሌላኛው «ወጣ» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ጓደኛዬ ቃሉን የሚጽፈውን ፖሊስ ፊት አልሣለም፤ ኪቦርድ ላይ ያሉ ጣቶቹን ብቻ፣ ከነሱ በላይ ደግሞ «ምስክሩ እርስ በርሱ ይጋጫል» የሚል አንድ መስመር።

ያቺን ገጽ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በጥገኝነት ኢንተርቪዬ ላይ ጠዋት «በራችን ተንኳኳ» አልኩ፤ ከምሳ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሲደግሙልኝ «በራችን ተሰበረ» አልኩ። መጀመሪያ ተንኳኳ፣ አልከፈትንም፣ ከዚያ ተሰበረ። ኬዙን ለማስተካከል ስንት ደብዳቤ እንደተጻፈ ጠበቃዬ ትንገራችሁ። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ እርሳሱን አነሳ።

የግብፁን የሙታን አምላክ አኑቢስን በአጭሩ ነው ያለፍነው። ግብፃውያን የሟቹን ልብ በእውነት አምላክዋ በማአት ላባ ልክ የሚመዝን ነው ይሉት ነበር፤ እኛ ጋ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ይመዝናል፣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ከሁሉም የተደላደለው እሱ ነው፣ በሙያው የተቀጠረ ብቸኛው ስደተኛ።

አሁን የተጣላነው በሁለተኛው ታሪክ ነው። «የናንተ አገር አምላክስ?» አለኝ፤ የአክሱሙን ማሕረም ነገርኩት። ዔዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ከሳንቲሙ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክቱ ወጥቶ መስቀል ገባ፤ በእኛ ቋንቋ ማሕረም ከሥራ ተሰናበተ። ከዚያ በፊት የንጉሡ የድንጋይ ጽሑፍ በግእዙ ማሕረም ያለውን፣ ለግሪክኛ አንባቢ በግሪኮቹ የጦርነት አምላክ ስም አሬስ ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ጥገኝነት ሲጠይቅ ይታያችሁ፦ አንድ ፋይል፣ ሁለት ስም፣ ሙያ ጦርነት። የትኛው መርማሪ ኢንተርቪውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል?

ጓደኛዬ የጦርነት አምላክ ስለሆነ ጦር ይያዝ ባይ ነው። እኔ የቀጠሮ ወረቀት ይያዝ ባይ ነኝ። ቢያንስ ሁለቱንም ይያዝ ብለን ልንስማማ ስንል፣ ጦር ይዞ ከመግቢያው ፍተሻ እንዴት ያልፋል የሚል ሌላ ክርክር ተነሳ፤ እዚህ ላይ እንኳ የጥበቃ ሠራተኞች ነንና ሁለታችንም አንለቅም።