የመጀመሪያው ውጤት "ደህና ነው" ሲል

እናቴ ስኳር አለባት። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ እኔም የእርግዝና ስኳር ተገኝቶብኝ ነበር። ስለዚህ በዚህኛው እርግዝና ክትትል ስጀምር ሐኪሟ "አንቺንማ እስከ ስድስት ወር አንጠብቅሽም" አለችኝ።

የተለመደው የእርግዝና ስኳር ምርመራ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ኢንሱሊንን በደንብ አላሠራ የሚሉት ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚደረገው ምርመራ ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ስኳሩ ከእርግዝናው በፊትም ነበረ ወይ? በባዶ ሆድ የደም ስኳሩ 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ የእርግዝና ስኳር ብቻ ተብሎ አይታለፍም። የፅንሱ ልብና አከርካሪ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ቶሎ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው።

እንደኔ በቤተሰብ ስኳር ያለባት፣ ክብደቷ የጨመረ፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች ሴት ማንም ባይጠይቃት እንኳ ቀድማ ትናገር። ካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሐኪም ከየት ያመጣዋል?

የእኔ 88 ሆነ። ባለቤቴ "በቃ፣ ተገላገልሽ" አለኝ። የምን መገላገል! የመጀመሪያው ደህና ቢሆንም ሁለተኛው አይቀርም።

ሁለተኛው ነው እንግዲህ ጉዱ። ሌሊቱን ሳይበሉ አድሮ መጀመሪያ ደም መስጠት ነው። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ ይመጣል። ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ሆድ ውስጥ ይገለባበጣል። ደግሞ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጨርሺ ይሉሻል። ካስመለሰሽ ሌላ ቀን እንደገና ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቁጭ። መብላት የለም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። በየሰዓቱ መርፌ።

በባዶ ሆድ 90፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 191፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 140። ገደቦቹ 92፣ 180 እና 153 ናቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው ብዬ ልከራከር ስል "የእርግዝና ስኳር ለመባል አንዱ ካለፈ ይበቃል" ተባልኩ።

አሁን አመጋገቤን አስተካክዬ፣ ከምግብ በኋላ በእግሬ እየተንቀሳቀስኩ፣ ጣቴን እየወጋሁ ስኳሬን እለካለሁ። እስካሁን ኢንሱሊን አላስፈለገኝም። ከወለድኩ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያው ጣፋጭ ውሃ ይጠብቀኛል፤ ስኳሩ መሄድ አለመሄዱ የሚታየው በሱ ነው። በአራስነት ግርግር እንዳልረሳው ባለቤቴ ስልኩ ላይ ከአሁኑ መዝግቦታል።