ጣቢያ አጠገብ ቤት ይሠራ

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ኤስቢ 79 ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ እስከ ግማሽ ማይል ድረስ፣ አፓርታማ መሥራት የሚፈቅድ የካሊፎርኒያ ስቴት ሕግ ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ጥግ ላይማ እስከ 9 ፎቅ ይደርሳል። የከተማው ምክር ቤት 8 ለ 5 ተቃወመው፣ ገዢው ኒውሰም ግን ኦክቶበር 2025 ላይ ፈረመበት።

ዛሬ ማታ ሰፈራችን ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ባለሥልጣኖቹ ከተማው የራሱን አማራጭ ዕቅድ ያውጣ ወይስ ሕጉን እንዳለ ይቀበል እያሉ ይከራከራሉ፣ የቤት ባለቤቶቹ ሕንፃው ስለሚከልልባቸው ፀሐይና ስለ ፓርኪንግ ያወራሉ፣ ተከራይ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት በልጃቸው አስተርጓሚነት «ቤቱ ከፈረሰ እኔ የት ልሂድ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ዝም አለ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ የኪራይ ቁጥጥር ያለበትንና ተከራይ የሚኖርበትን፣ ከሁለት ቤት በላይ የሆነ ሕንፃ አፍርሶ በዚህ ሕግ መገንባትን ይከለክላል። አንድ ሰው ይህን ቢነግራቸው ምን ነበረበት! ስንወጣ በር ላይ ጠብቄ በአማርኛ አስረዳኋቸው።

እኔ ቤቱ ይሠራ ባይ ነኝ። በሌሊት ሺፍት ኤርፖርት የሚገባ ወገናችን ባቡር አጠገብ መኖር ይገባዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ኑና ተናገሩ።