ቦሎቄ የቀቀላችሁበትን ውሃ አትድፉት

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ቦሎቄ ነው የማወራው፣ እኛ ጋ አደንጓሬ የሚለውም ብዙ ነው። ያው ፆም ሲገባ ሽሮው ሰልችቶት ሌላ ነገር አምጪ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ይገባችኋል፣ በተለይ ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነውና በሁለት ወጥ አይዘለቅም። ግን ቦሎቄ ሰርቼ ሳቀርብ ብዙ ሰው "ጣዕም የለውም፣ አፈር አፈር ይላል" ይለኝ ነበር፣ እኔም እንደዛው ነበር የማስበው። ቀቅዬ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ቁሌቱ ላይ እጨምረዋለሁ፣ ቁሌቱ ይጣፍጣል ቦሎቄው ግን ሲነከስ ውስጡ ባዶ ነው። በርበሬ ጨመርኩ፣ መከለሻ ጨመርኩ፣ ያው ነው ምንም ለውጥ የለውም።

ያስተማሩኝ እዚሁ ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ተከራይቼ ስኖር የነበሩት አከራዬ ናቸው፣ እማማ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ድስቱን ይዤ ውሃውን ልደፋ ወደ ግቢ ስወጣ አዩኝና "ኧረ ምን ሆነሻል ልጄ፣ ጣዕሙን እኮ ነው የምትደፊው!" አሉኝ። "እማማ ውሃው ጨውም የለው፣ ምን ይጣፍጣል ብለው ነው" ስላቸው "ጨውስ ማን ከለከለሽ?" አሉ። በቃ ከዛች ቀን ጀምሮ ነው ቦሎቄ መስራት የጀመርኩት ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ የጨው ነገር። ጨው ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬ አይበስልም ሲባል ሰምታችኋል፣ እናቶቻችንም ይሉታል፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሞክሬው እውነት ሆኖ አላገኘሁትም እንደውም ተቃራኒው ነው። ማታ ስዘፈዝፈው ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አደርጋለሁ፣ ጠዋት ያንን ውሃ ደፍቼ አለቀልቀዋለሁ (መደፋት ያለበት ውሃ እሱ ብቻ ነው)። ምክንያቱም አለው፣ የቦሎቄውን ልጣጭ አጥብቀው የያዙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው፣ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እነሱን እየተካ ስለሚገባ ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ስለዚ ፍሬው ሳይፈነዳ እኩል ይበስላል ጨውም እስከ መሀሉ ይደርሳል። በኋላ ወጡ ላይ የምትነሰንሱት ጨው ግን ከላይ ነው የሚቀረው፣ ለዛ ነው ወጡ ጨው በዝቶበት ፍሬው አልጫ የሚሆነው።

የሚያጠነክረው ጨው ሳይሆን ኮምጣጣ ነገር ነው፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ምናምን። እነሱን ቦሎቄው በጣት ተጫን ሲሉት እሺ እስኪል ድረስ አትንኩት፣ አለዚያ ቲማቲሙ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሲፈላ ውሎም ልጣጩ እንደ ፕላስቲክ ጥርስ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ውሃው ውስጥ ምን ይገባል የሚለው። እኔ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቄ፣ አራት አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሳልከትፍ ከነሙሉው፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል ቀጥቀጥ አድርጌ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና ሳይሰነጠቅ አንድ ቃሪያ እጨምራለሁ፣ ጦስኝ ካለኝ ጦስኝም። ዘይትም ገና ከመጀመሪያው አንድ ሁለት ማንኪያ ጣል አደርግበታለሁ፣ የቅመሙን ሽታ የሚይዘው እሱ ስለሆነ፣ የኑግ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ጎጃም ተወልዶ የኑግ ሽታ የማያስርበው ሰው ያለ አይመስለኝም። ትንሽ ጨው አሁንም ይገባል። በመጨረሻ ሽንኩርቱን አውጥቼ ነጭ ሽንኩርቱን እዛው ድስቱ ጎን ላይ በማንኪያ ጨፍልቄ እመልሰዋለሁ፣ መረቁ ወፈር ይላል።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፣ ቀዩን ቦሎቄ የምትሰሩ። ጥሬው ላይ ሌክቲን የሚባል ሆድ የሚያውክ ነገር አለ፣ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ የሚጠፋው በደንብ ሲንተከተክ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የደከመ ከሰል ላይ ጥዶ ለብ ለብ እያለ ማዋል አደገኛ ነው፣ መጀመሪያ እሳቱን አንድዳችሁ 30 ደቂቃ በደንብ አንተክትኩት፣ ከዛ በኋላ እሳቱን ብትቀንሱ ችግር የለም።

ጊዜውን በተመለከተ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰዓት ይበቃል የሚሉትን አትመኑ። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ላይ ነች፣ ሙቀቷን አይታችሁ ቆላ እንዳይመስላችሁ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደርስም፣ ስለዚ ጥራጥሬ ይቆያል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ይገላገላል፣ የሌለው ትዕግስት ነው። ደግሞ ቤት ውስጥ የከረመ ቦሎቄ በእኛ ሙቀት ይደርቅና ምንም ብታደርጉት እምቢ ይላል፣ ቅዳሜ ገበያ ስትገዙ የዘንድሮ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የተጨማደደና ቀለሙ የፈዘዘ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ሲበስል ወዲያው አታውጡት። ይሄ እማማ በጣም የሚቆጡበት ነገር ነበር። ከእሳት አውርዳችሁ እዛው መረቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጥ፣ እየቀዘቀዘ ነው መረቁን ወደ ውስጥ የሚስበው፣ ማታ ሰርታችሁ ጠዋት ስትቀምሱት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ጉልባን እኮ ለምን ይመስላችኋል እንደዛ የሚጣፍጠው? ጸሎተ ሐሙስ ቀን ባቄላው ክክ፣ ስንዴው፣ ቦሎቄው አንድ ድስት ውስጥ አብረው ቀስ ብለው በስለው ጨውና ጣዕሙን ስለሚስቡ ነው፣ በርበሬ የለው ቁሌት የለው፣ ግን በጨውና በጤና አዳም ብቻ ሆድ እስኪሞላ ይበላል።

ከዛ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ለፆም ሲሆን ዘይት ውስጥ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ጣል አድርጌ በቀስታ እሳት እንደ ቅቤ አነጥረዋለሁ፣ ቅመሙ እንዳያርብኝ ቶሎ አውጥቼ አጠለዋለሁና ሊወጣ ሲል ቦሎቄው ላይ አፈስበታለሁ፣ ሎሚም ያኔ ነው። ፆም ካልሆነ ቅቤው አለ ምን ችግር አለው።

ባለፈው እሁድ ከጣና ዳር የእግር ጉዞ መጥተው የተራቡ ጓደኞቼ ቤቴ ገቡና ያደረውን ቦሎቄ ከነመረቁ አሙቄ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፌበት በዳቦ እንደ ፉል አቀረብኩላቸው፣ አንዷ ሥጋ የገባበት መስሏት መብላት አቁማ "ፆም አይደለም እንዴ?" አለችኝ። መረቁ ትንሽ ተርፎ ነበር፣ ሰኞ ሽሮ ሰራሁበት።